የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን ወደ ርቀት ትምህርት ሥራ ለማስገባት ምክር እፈልጋለሁ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የርቀት ትምህርት አስተባባሪ ነኝ። 4 ማዕከላትና 5 የዲግሪ ፕሮግራሞች አሉን። ሞጁል (ተማሪው ራሱን ችሎ የሚያጠናበትን የትምህርት ጽሑፍ) የሚያጸድቀው፣ መምህር የሚመድበውና ፈተና የሚያወጣው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ የእኛ ቢሮ ያትማል፣ ያጓጉዛል፣ ማዕከላቱን ያንቀሳቅሳል።

ችግሩ ኃላፊዎቹ ርቀትን የሚያዩት እንደ ትርፍ ሰዓት ክፍያ እንጂ እንደ ራሳቸው ፕሮግራም አለመሆኑ ነው። የመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ የርቀቱ ሞጁል እንዳለ ይቀራል። ተማሪው በአሮጌ ሞጁል አጥንቶ በአዲሱ ይዘት ለወጣ የመውጫ ፈተና (ለመመረቅ ማለፍ ላለበት አገር አቀፍ ፈተና) ይቀመጣል፤ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ይህ ክፍተት ተሸፋፍኖ የሚያልፍ አይደለም። አሳይመንቱም ታርሞ የሚመለሰው ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ነጥብ ብቻ ተጽፎበት። መምህሩን በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያገኝ ተማሪ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚጻፈው አስተያየት ዋናው ትምህርት ነበር።

ለዲኖች የግማሽ ቀን ማብራሪያ አዘጋጀን፤ አብዛኞቹ ተወካይ ላኩ። የሞጁል ክለሳ ሰሌዳ በደብዳቤ አሳወቅን፤ መልስ የለም። የእርማት ክፍያ የጽሑፍ አስተያየት ላለው ብቻ እንዲፈጸም አደረግን። ይኼኛው ሠርቷል፤ ነገር ግን የነካው መምህሩን ነው፣ ኃላፊውን አይደለም።

አሁን የርቀት ሥራ በኃላፊዎች የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ እንዲገባ ለሴኔት ሐሳብ እያዘጋጀን ነው። ይህን የሞከራችሁ፣ የትኞቹን ተግባራት ለምዘና መረጣችሁ፣ ከ100 ስንት ነጥብስ ሰጣችኋቸው?