ለቻይና ቀስት የሚሆን እንጨት ሜሪላንድ ውስጥ የት ይገኛል?

ጠያቂው፣ ከሜሪላንድ፦

ወገኖች ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነውና አትሳቁብኝ። አገር ቤት 11 ዓመት አናጺ ነበርኩ፤ እዚህ ሾፌር ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ቀስት ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረውን ትልቁን የቻይና ቀስት አስመስለን እንስራ ብሎ ይዞኛል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። አብረን የምናወራው ነገር ካገኘን ቆይቷል። ችግሩ እንጨቱ ነው። ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ያላቸው ፓይንና ኦክ ነው። ኢንተርኔት ላይ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ግንድ አየሁ፤ ዋጋው አይቀመስም። በጥር ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ወይራ ላስመጣ? ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ ከቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ ወይራውን ተወው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቅርፊቱ ያልተላጠ የወይራ ቁራጭ ሻንጣ ውስጥ ይዤ መጣሁ፤ ኤርፖርት ላይ የእርሻ ተቆጣጣሪዋ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፈንቀል አድርጋ አየችና ወሰደችው። ቀድሜ ስላሳወቅኩ ቅጣት አልነበረም፣ ግን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜው ነበር።

ደግሞ ረጅም ግንድ ለምን ትፈልጋለህ? የቺንግ ቀስት ከአንድ እንጨት አይሰራም። መሀሉ ቀርከሃ ነው። ተኳሹ በሚያየው በኩል የጎሽ ቀንድ፣ በውጭው በኩል ደግሞ የእንስሳ ጅማት በሙጫ ይለጠፍበታል። እንጨት የሚገባው መያዣውና ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ጫፎቹን እኛ ቀስት የምንሠራ ሰዎች ጆሮ እንላቸዋለን፤ ረጃጅምና ደረቅ ናቸው፣ አይታጠፉም። ቀርከሃው እንደ ተከፈተ የአሞራ አፍ በV ቅርጽ ይቆረጥና የጆሮው ሹል ጫፍ እዚያ ውስጥ ይገባል። አናጺ ስለሆንክ ይህ ላንተ ውሃ መጠጣት ነው። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ክንድ ያህል የሆኑ፣ አንጓ የሌለባቸው ቁራጮች ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ ለረጅም ግንድ ያወጣሁትን ብር አልነግርህም፣ ባለቤቴ ታነብ ይሆናል።

ለጆሮው ቻይናውያን ኤልም ወይም መልበሪ የሚባሉትን ዛፎች ይጠቀሙ ነበር። መልበሪ ማለት ያ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ ነው። ነጩ መልበሪ ራሱ የቻይና ዛፍ ነው፤ ሐር ለማምረት ብለው ወደ አሜሪካ አምጥተውት የሐሩ ነገር ሳይሆን ቀረ፣ ዛፉ ግን ወፍ እየዘራው በየአጥሩ ሥር በቀለ። እዚህ ሰው እንደ አረም ነው የሚያየው። በየሳምንቱ ይቆረጣል፣ ተፈጭቶ ይጣላል። ዛፍ ቆራጮች መንገድ ዳር ሲሠሩ ካየህ መኪናህን አቁምና ጠይቅ። የምሳ ብር ብትሰጣቸው በፈለግከው ልክ ቆርጠው ይጭኑልሃል። ከፓርክ ግን እንዳትነካ፣ የወደቀም ቢሆን።

ልጅህ ታሪክ ከወደደ ይህን ንገረው። ካኦ ጎንግ ጂ የሚባል፣ ከ2000 ዓመት በላይ የሆነው የቻይና የእጅ ሥራ መጽሐፍ ለቀስት የሚሆኑ 7 እንጨቶችን በደረጃ ያስቀምጣል። አንደኛው ጄ የሚሉት ዛፍ ነው። የዱር እንጆሪ ሦስተኛ ነው፣ ብርቱካን እንኳ አለበት። ቀርከሃ መጨረሻ ነው! ከዘመናት በኋላ ያ መጨረሻ የነበረው የትልልቆቹ ቀስቶች ልብ ሆነ። አንደኛው ጄ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ወንድም አለው፤ ኦሴጅ ኦሬንጅ ይባላል። አገሩ ቴክሳስና ኦክላሆማ አካባቢ ነው፣ ኦሴጅ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቀስት ይሠሩበት ነበር። ፈረንሳዮቹም የቀስት እንጨት ብለው ነው የጠሩት። እሾሃም ሽቦ ሳይመጣ በፊት ገበሬዎች አጥር ያደርጉት ስለነበር እኛም ጋ በድሮ እርሻዎች ድንበር ላይ ይገኛል። በጥቅምት ትርንጎ የመሰለ አረንጓዴ ፍሬ መሬት ላይ ተበትኖ ካየህ ቀና በል፤ እሱ ነው። እንደኛ ሾላ ሲቆረጥ ወተት ያወጣል፣ ዘመዳሞች ናቸው። ውስጡ ቢጫ ነው፣ ሲቆይ ይጠቁራል። ዳር ያለውን ነጩን ክፍል ላጠው።

ቀርከሃ ደግሞ ጎረቤት ጠይቅ። ግቢያቸውን ወርሮባቸው የሚያለቅሱ ሰዎች ሞልተዋል። ግድግዳው ወፍራም የሆነውን፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየውን፣ በክረምት ቁረጥ። እዚህ ክረምት ስል በረዶውን ማለቴ ነው፣ ሐምሌን አይደለም። መጽሐፉም እንጨቱን በብርድ ወቅት አዘጋጁ ነው የሚለው፤ ቀንዱ በጸደይ፣ ጅማቱ በበጋ፣ መገጣጠሙ በመከር። ልጅህ እስከዚያ ይታገሥ እንደሆነ እንጃ።

አሁን ዋናው። የመጀመሪያውን የመልበሪ ግንድ በነፃ አግኝቼ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ አፓርትመንቴ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አቆምኩት። በሦስተኛው ሌሊት ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ ከአልጋ ወረድኩ። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል፤ ጣቴ ይገባል። እርጥብ እንጨት በጫፉ በኩል ነው ቶሎ የሚደርቀው፣ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፍ ወዲያው ቀለም ወይም ሰም ቀባ። በሽብልቅ ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቀው፣ ቅርፊቱን ላጥና ነፋስ የሚገባበት ጥላ ሥር ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። ቅርፊት ካለበት ነቀዝ ይገባበታል። ያልተላጠ ግንድም ከተቆረጠበት ሰፈር ርቀህ አትውሰድ፤ ተባይ ታዛምታለህ፣ ሕግም አለው። ለማድረቅ በአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል፤ ቀጫጭን አድርገህ ከሰነጠቅከው ግን ያን ያህል አትጠብቅም።

ቀንዱና ጅማቱ ሌላ ጣጣ ነው። ለመጀመሪያው በቀንዱ ፋንታ ፋይበርግላስ አድርጉ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ የማውቀው ደጋን የእናቴን የጥጥ መንደፊያ ነው፤ ጅማቱ ድው ድው ሲል አሁንም ይሰማኛል። ግን ይህ መልበሪ የምትሉት እኛ ጓሮ ያለው ሳይሆን አይቀርም። በሰኔ መኪናችንን፣ ምንጣፋችንን፣ የልጆቹን እግር ሐምራዊ ያደርግብናል። ባለቤቴ ህዳር ላይ ሊያስቆርጠው ሰው ቀጥሯል። ግንዱ የእኔን ወገብ ያክላል። የሚጠቅማችሁ ከሆነ ኑ ውሰዱት፣ እኛንም የማስወገጃውን ብር ታተርፉናላችሁ።

ጠያቂው፦

እህቴ ተባረኪ! ልጄ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው፣ ማለቴ እኔ እያነበብኩለት ነው። መጥረቢያና ሽብልቅ ይዘን እንመጣለን። ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የቨርጂኒያው ወንድሜ፣ አንተም ብትመጣ አንድ አራተኛው ያንተ ነው።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ፦

እመጣለሁ። ቀለምና ብሩሽ አትርሱ። እዚያው ጓሮ ውስጥ፣ መኪና ላይ ሳይጫን ነው የሚቀባው።