«ስርገት» ነው ወይስ «ሥርጸት»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። ስለ ሴል የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማታ ማታ ግን እኔ በአማርኛ ላስረዳው እሞክራለሁ። ኦስሞሲስ ላይ፣ ማለትም ውሃ በሴሉ ቀጭን ሽፋን በኩል የሚያልፍበት ነገር ላይ ስንደርስ ቆምን። አንዷ ጎረቤቴ «ስርገት» በይው አለችኝ፣ ባለቤቷ ደግሞ «የለም፣ ሥርጸት ነው» አሉ። የቱ ይሻላል? «ሕዋስ»ስ ራሱ ከየት መጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ «ስርገት» እላለሁ። እዚህ የካ አባዶ ዝናብ ሲጥል ውሃው አፈሩ ላይ ተኝቶ ይቆይና ቀስ እያለ ሲጠፋ «ሰረገ» ነው የምንለው። «ውሃው ሰረጸ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ሰርጎ ገብ»ም ከዚሁ ቤት ነው፣ ሳይታይ ሾልኮ የገባ ማለት ነው። «ሠረጸ» በግዕዝ ወጣ፣ በቀለ፣ አቆጠቆጠ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት «ዘሠረጸ እምአብ» የሚለውን አስታውሺ። ስለዚህ ለብቅል የዘፈዘፍሽው ገብስ ጫፉ ሲፈነዳ እሱ ሥርጸት ነው። ከዚያ በፊት ደረቁ ፍሬ ሲያብጥ ደግሞ እናቶቻችን «ውሃ ጠጣ» ይላሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ደረቅ ፍሬ መጀመሪያ ውሃውን የሚመጠው እንደ ስፖንጅ ነውና ያንን ኦስሞሲስ ብለሽ እንዳታስረጂው።

ለልጁ ቲማቲም ክተፊለትና ጨው ነስንሺበት። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። የሕዋሱ ቀጭን ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውን ግን እንደልቡ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው ጨው ወደበዛበት ወደ ውጭ ይሰርጋል። ብዙው ውሃ የሚያልፍበት የራሱ በርም አለው፣ አኳፖሪን ይባላል፣ ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው በእሱ ነው። ቡና ሲቆላ ሽታው ቤቱን የሚሞላው ግን ሌላ ነው፣ እዚያ ሽፋን የለም። ለእሱ «ስርጭት» ይበቃል።

«ሕዋስ» ድሮ ሌላ ሥራ ነበረው። «አምስቱ ሕዋሳት» ስንል እነ ዓይን፣ እነ ጆሮ ናቸው። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የኅቡዕ ድርጅት ትንሿ ቡድን ሕዋስ ትባል ነበር። ሴል የሚለው በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት ነው፤ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ክፍል ክፍል የሆነውን ነገር እንዲህ ብሎ ጠራው። እኔን ቢጠይቁኝ «በዓት» የሚለውን ቃላችንን ያስታውሰኛል፣ የባሕታዊ ጠባብ ማደሪያ። ግን ሕዋስ ለምዷል፣ አንነቅለውም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ዛሬ «እሴት ማስረጽ»፣ «የቴክኖሎጂ ሥርጸት» እያልን ነው። ማስረጽ ወደ ውስጥ ማስገባት ሆኗል እኮ፣ ግዕዙን ብቻ ይዘን መፍረድ አንችልም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አቅጣጫውን ቀይሯል። ስለዚህ ጎረቤትየውም ዝም ብለው አልተሟገቱም። ግን ለሰባተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ የሚሰማው ግሥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልሰውንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ «ፓምፕ» በይው፣ ቃሉን ያውቀዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ከታች ካለው ሮቶ ወደ ላይኛው ለመግፋት ግን መብራት ይፈልጋል። መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ሕዋስም እንደዚያው ነው፤ ኤቲፒ የሚባለውን ኃይል እየከፈለ በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ስርገት ኃይል አይከፈልበትም፣ ይሄ ይከፈልበታል፣ ልዩነቱን በዚህ ይያዝልሽ።

ሌላ አባል፦ «ቬሲክል»ንም ጨምርላት፣ በሕዋሱ ውስጥ ዕቃ የሚቋጠርባትን ትንሽ ነገር፤ እኔ «ከረጢት» እላታለሁ።

መልስ፦ እኔም። ተሸካሚም አለው። ኪኔሲን የሚባል ፕሮቲን ከረጢቱን አዝሎ በሕዋሱ ውስጥ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ላይ ይራመዳል፣ አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው። «ተሸካሚ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ይላል፣ መርካቶ ጆንያ አዝሎ ሰው መሀል የሚሾልከውን ሰውዬ ያየ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።