አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በ1952 ነው በ1953? ሰፈር ሊጣላኝ ነው

የማራኪው አስጠኚ፦

ሰላም እናንተዬ። ፍርድ ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ክረምቱን እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ፣ የሰፈር ልጆችን በነጻ ሳስጠና ከረምኩ። መዝጊያው ላይ ጥያቄና መልስ አዘጋጀሁ። ርዕሱ የዓለም ታዋቂ ሰዎች፣ ሽልማቱ አንድ ሳጥን ለስላሳ። ለጨዋታ ያህል ነበር። በኋላ ግን ወላጅ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ እኔም እንደ ቴሌቪዥን አቅራቢ ድምፄን ወፈር አድርጌ ዳኛ ሆንኩ።

ሁለቱ ቡድኖች እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻዋ ጥያቄ ደረሰች። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት መልስ 1953 ነው። በፈረንጅ 1960 እንደሆነ አውቃለሁ፣ 7 ቀነስኩ፣ በቃ። አንደኛው ቡድን 1953 አለ። ከሌላኛው አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ብድግ ብላ 1952 አለች። ተሳስተሻል አልኳት። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ብላ አየት አደረገችኝና ተቀመጠች።

ማታ አያቷ ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ታሪክ የነገርኳት እኔ ነኝ። እኛ ወሬውን የሰማነው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። በእንቁጣጣሽ የሰማነውን ሩጫ በየትኛው 1953 ነው የሮጠው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስልኬን አውጥቼ ብፈልግ አንዱ 1952 ይላል፣ ሌላው 1953።

ማን ነው ልክ? ደግሞ ለጥምቀት ሰሞን ሌላ ዙር አስቤያለሁና ጠብ የማያስነሱ ጥያቄዎች ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ጳጉሜ ወዳጅ፦

አባባም ልክ ናቸው፣ ልጅቷም ልክ ናት። የተሳሳትከው አንተ ነህ ወንድሜ።

የሮም ማራቶን የተሮጠው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ወደ እኛ ስታዞረው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ይሆናል። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። በአንድ ቀን ነው የሳትከው! ሰውዬው ያሸነፈው በዓመቱ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ነው፣ እንቁጣጣሽ ዋዜማ። 7 የሚቀነሰው ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪቀይሩ ብቻ ነው፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜ ማለቂያ 8 ነው። ብዙ ሰው አንዷን ቁጥር ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይቀንስባታል።

ቶኪዮን ብትጠይቅ 7 ይሠራልህ ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ገደማው ነው፣ ያኔ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ግን ዓመቱን ተወውና ይህችን ጠይቅ፦ አበበ ሮም ላይ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የተነጠለው በየትኛው ሐውልት አጠገብ ነው? መልሱ የአክሱም ሐውልት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ሮም ላይ የቆመው፣ በፈረንጅ 2005 ወደ አገሩ የተመለሰው። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል።

ከጃንተከል ዋርካ ሥር፦

እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ ፋሲል ግንብ ስገባ ስወጣ ነው የምውለው። ይህ የዓመት ጣጣ አንተን አንዴ ነው የያዘህ፣ እኔን በየቀኑ ነው። ለፈረንጁ «ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1636 ነው» ስለው ከኋላ የቆመ የአገር ቤት እንግዳ «1628 አይደል እንዴ?» ይለኛል። ፈረንጁ ዞሮ ያየዋል፣ እኔ መሐል ላይ ላብ ላብ ይለኛል። ሁለታችንም ልክ ነን እኮ።

ምክሬ ምን መሰለህ፣ ታዋቂ ሰዎቹን ከጎንደር ጋር አገናኛቸው። ልጆቹ ግንቡን ሲያዩ ነው ያደጉት። ዓፄ ፋሲል የነገሡት በፈረንጅ 1632 ነው። በዚያው ዓመት ሕንድ ውስጥ ሻህ ጃሃን ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ታጅ ማሃልን ማሠራት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ጋሊሊዮ መሬት ትዞራለች ብለሃል ተብሎ ሮም ላይ ተፈረደበት። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በ1699 እዚህ ጎንደር ድረስ መጥቶ ዓፄ ኢያሱን ሲያክም፣ በ4 ዓመቱ የነገሠው ሉዊ 14ኛ አሁንም ዙፋኑ ላይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ሲገባ ደግሞ ናፖሊዮን የ6 ወር ጨቅላ ነው፣ ቤትሆቨን ገና አልተወለደም። ይህችን የናፖሊዮኗን ለጎብኚ ስነግር ሁሌም ይስቃሉ።

ናፖሊዮንን ካነሳሁ አይቀር፣ «አጭሩ ንጉሥ ማን ነው?» ብለህ እንዳትጠይቅ። ቁመቱ በፈረንሳይ ልክ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ተብሎ ተጻፈ፤ የፈረንሳይ ኢንች ግን ከእንግሊዙ ይረዝማል። ሲሰላ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ይመጣል። ለዘመኑ መካከለኛ ሰው ነው። ቅዳሜ ገበያ እህል የሸመተ ሰው ይህ አይጠፋውም፣ ቁና ከቁና ይለያያል።

ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪ፦

ኧረ ቀስ በሉ፣ ፍርዱ አላለቀም። እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ያደግሁ ነኝና አንድ ክርክር አለኝ። የሮም ማራቶን የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነው፣ ያለቀው በጨለማ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ የነገው ዕለት የሚገባው ዛሬ ማታ ነው። እንግዲህ አበበ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ እኛ ጋ ቅዱስ ዮሐንስ ገብቷል፣ ዘመኑ ተለውጧል። 1953 ያሉት ልጆችም በባዶ እጅ አይሂዱ!

ቀልዴን ነው። ግማሹን።

የምሬን ልንገራችሁ፣ በጠቅላላ ዕውቀት መጻሕፍት ውስጥ አንዲት የተወደደች ጥያቄ አለች፦ «ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት የተወለደው ሳይንቲስት ማን ነው?» መልሱ ኒውተን ይባላል፣ ዓመቱም 1642። ውሸት ነው። ጋሊሊዮ የሞተው ጣሊያን ውስጥ ነው፣ ጣሊያን አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይዛለች፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1642። ኒውተን የተወለደው እንግሊዝ ነው፣ እንግሊዝ በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ላይ ናት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1642። ሁለቱንም በአዲሱ ስትቆጥራቸው ኒውተን ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል፣ ሁለቱንም በአሮጌው ስትቆጥራቸው ጋሊሊዮ ወደ 1641 ይሸሻል። ከሁለት መዝገብ አንዳንድ ገጽ ቀድደህ ካልሰፋህ በቀር ሁለቱ በአንድ ዓመት አይገናኙም። ወደ እኛም አምጥቼ ቆጠርኩት። ጋሊሊዮ ጥር 3 ቀን 1634 ሞተ። ኒውተን ደግሞ፣ ያዙኝ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ተወለደ። በእኛ የገና ቀን! ፋሲል ዙፋን ላይ ናቸው፣ ጎንደር ገና የ6 ዓመት ከተማ ናት፣ ምናልባት እዚህ የገና ጨዋታ እየተመታ።

ሼክስፒርና ሰርቫንቴስም እንደዚሁ ናቸው፣ በአንድ ቀን ሞቱ ይባላል፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1616። አንዱ እንግሊዝ፣ ሌላው ስፔን። መካከላቸው አሥር ቀን አለ። ሰርቫንቴስ እንዲያውም በዚያ ቀን የተቀበረ ነው የሚሉት፣ የሞተው ከዋዜማው ነው። በእኛ የሰርቫንቴሱ ሚያዝያ 18፣ የሼክስፒሩ ሚያዝያ 28።

የሌኒን ነገር ደግሞ ያስቀኛል። የጥቅምት አብዮት በፈረንጅ ኖቬምበር 7 ይከበራል። ሩሲያ በአሮጌው ላይ ስለነበረች ነው፣ በእነሱ ኦክቶበር 25 ነበር። በእኛ ስትቆጥረው ግን ጥቅምት 28 ቀን 1910 ነው። ስሙና ወሩ ሳይጣሉ የቀሩት እኛ ጋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ሰው በአንድ ቀን ማለት ከፈለግህ ሊንከንንና ዳርዊንን ውሰድ። ሁለቱም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809፣ ሁለቱም በአዲሱ አቆጣጠር፣ በእኛ የካቲት 6 ቀን 1801። እዚያ ላይ የሚጣላህ የለም።

ሽምደዳ ጠላቴ፦

ይቅርታ ግን ሁላችሁም ዓመት ዓመት ትላላችሁ። የ7ኛ ክፍል ልጅ ጳጉሜ 5 ይሁን መስከረም 1 ምን ይፈይድላታል? እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚህ ዓይነት ውድድር ሁለት ደብተር ዓመተ ምሕረት ሸምድጄ ነበር፣ ዛሬ አንዱም የለኝም። «ለምን» ብላችሁ ጠይቁ። ምሳሌ ልስጥ፣ ማሪ ኩሪ ያገኘችውን ንጥረ ነገር ለምን ፖሎኒየም አለችው? አገሯ ፖላንድ ያኔ በሌሎች ተከፋፍላ ከካርታ ስለጠፋች ነው። ስሙን ሳይንስ ላይ ጻፈችው። እንዲህ ያለውን ልጅ አይረሳውም። ሁለት የኖቤል ሽልማት፣ አንዱ በፊዚክስ አንዱ በኬሚስትሪ፣ እሱንም ጨምሩበት።

ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪ፦

ጥሩ ብለሃል ጌታው። ግን ስሙ በ1898 መውጣቱን ካላወቅህ፣ ፖላንድ ያን ጊዜ ካርታ ላይ እንዳልነበረች በምን ታውቃለህ?

ሽምደዳ ጠላቴ፦

😂 እሺ ተሸነፍኩ። ሁለት ደብተሬን መልሱልኝ።

የማራኪው አስጠኚ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አባባ ዘንድ ሄጄ ጳጉሜ 5 ስላቸው ሳቁና «እኔ ቀኑን አላውቅም፣ ወሬው ሲደርስ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ሳጥን እነዚያ ልጆች በዚያኑ ቀን ጨርሰውታል፣ ሊመልሱም አይችሉ። ሌላ ሳጥን ከኪሴ ገዛሁ። ባሕረ ሐሳብ፣ ያንተን የማታ ክርክር ለአሸናፊዎቹ እንዳትነግርብኝ፣ ሦስተኛ ሳጥን የምገዛበት የለኝም።

ልጅቷ ለስላሳውን ተቀብላ «ጋሼ፣ ለጥምቀቱ ጥያቄ የማወጣው እኔ ልሁን?» አለችኝ። እሺ አልኳት። የመጀመሪያዋን ጥያቄ እዚያው ቆማ ወረወረችው፦ የአድዋ ጦርነት ቀን በፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ማርች 1 ቀን 1896 ይላል፣ እኛ በዓሉን የምናከብረው ታዲያ ለምን ማርች 2 ላይ ነው? እንደገና መልስ አጣሁ። ኧረ ድረሱልኝ።

ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪ፦

ይቺ ልጅ ትፈራለች! ንገራት፣ ዓፄ ምኒልክ የተዋጉት የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ ዛሬም የምናከብረው የካቲት 23 ነው። በፈረንጅ 1900 ላይ እነሱ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፣ መቶዎቹን ዓመታት በ400 ካልተካፈሉ ይዘላሉና። የእኛ አቆጣጠር አይዘልም። ስለዚህ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ፣ የካቲት 23ም ከማርች 1 ወደ ማርች 2 ተሻገረ። በ2100 ደግሞ እንደገና ይዘላሉ፣ ያኔ ማርች 3 ይሆናል። በዚያ ጊዜ ዳኛ የሚሆነው ሰው ከአሁኑ ይዘጋጅበት።