ውቅያኖስ መሃል መርከብ ቢሰጥም ማነው የሚደርሰው?

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ወገን። ታናሽ ወንድሜ ባቦጋያ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም ከገባ ወዲህ ወሬው ሁሉ መርከብ ሆኗል። ጣና ዳር ቁጭ ብለን አንድ ነገር ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም። የማንም አገር ባልሆነ ውሃ ላይ መርከብ ቢሰጥም ማን ነው የሚያድነው? የፈቀደ ብቻ ነው?

ሞተር ክፍል፦
ኧረ ግዴታ ነው! እ.ኤ.አ. በ1910 ብራስልስ ላይ አገሮች ተፈራርመዋል። ካፒቴን የራሱን መርከብና ሰው ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ ባሕር ላይ ሊሞት የደረሰን ሰው፣ ጠላት እንኳ ቢሆን፣ መርዳት አለበት።

ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታይታኒክ ሰጠመች። ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ቅርብ ነበረች፣ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ግን ዘግቶ ተኝቷል፣ ጥሪውን ማን ይስማው? ከሩቅ መጥታ 700 ገደማ ሰው ያወጣችው ካርፓቲያ ናት። በዚህ የተነሳ በ1914 ለንደን ላይ የመጀመሪያው የሶላስ (ባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደህንነት) ስምምነት ተፈረመ፤ ሬዲዮውን ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው ይኑር፣ የነፍስ አድን ጀልባ ለሁሉም ይብቃ ተባለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና በታሰበው ጊዜ ሥራ ላይ አልዋለም እንጂ።

«ይሄን ክልል የማዳን ኃላፊነት የማን ነው?» የሚለው የተመለሰው ደግሞ በጣም ዘግይቶ ነው፣ በ1979 ሃምቡርግ ላይ በተፈረመው የባሕር ፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት። ብዙ አገር ሸክሙን ፈርቶ ስላመነታ በ1998 እንደገና ተሻሻለ። አሁን ውቅያኖሱ በ13 ቀጠና ተከፍሏል፣ በየቀጠናው ያሉ አገሮች ደግሞ ክልል ክልላቸውን ይዘዋል።

ሳተላይት ወዳጅ፦
ሞተር ክፍል ዋናውን ዘለልከው። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ሚሳኤል ደግነው በተፋጠጡበት ዘመን፣ ከካናዳና ከፈረንሳይ ጋር ሆነው ኮስፓስ-ሳርሳትን መሠረቱ። መርከብ ወይም አውሮፕላን ላይ ያለች ትንሽ መሣሪያ የአደጋ ምልክት ትልካለች፣ ሳተላይት ይቀበላል፣ ቦታው ለነፍስ አድን ማዕከል ይነገራል። የመጀመሪያውን ሳተላይት በ1982 ያመጠቀችው ሶቭየት ናት። በዚያው ዓመት መስከረም ካናዳ ውስጥ የወደቀች ትንሽ አውሮፕላን በሱ ተገኝታ ሦስት ሰው ተረፈ። እስቲ አስቡት፣ የሶቭየት ሳተላይት የኔቶ አገር ሰው ሲያድን!

የጣና ልጅ፦
ወይ ጉድ! ወደብ የሌለን እኛስ? ጣናስ?

ሞተር ክፍል፦
ወደብ የለንም ማለት አያዋጣም ወንድሜ። የኢትዮጵያን ባንዲራ የያዘ መርከብ ጥሪ ከሰማ ይሄዳል፣ አለቀ። ጣና ግን ሙሉ በሙሉ የኛ ስለሆነ እነዚህ ስምምነቶች አይመለከቱትም። ቪክቶሪያ ቢሆን ሦስት አገር ይጋራዋል፣ ሳይስማሙ አይሆንም።

ደንገል፦
እዚህማ ነፋስ ተነስቶ ታንኳ ሲገለብጥ የሚደርሰው ቅርብ ያለው ባለ ጀልባ ነው። ባይሆን ዘጌ የምትሄዱ ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት።