የአክስቴ ሰዓት አዲስ አበባ ገብቶ ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦
አክስቴ ሙኒክ 30 ዓመት ኖራ ባለፈው ወር ጠቅልላ ገባች። የግድግዳ ሰዓቷንም በጋቢ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ጉስታቭ ቤከር የሚባል የጀርመን ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ላይ መልሕቅ ተቀርጿል። ባትሪ የለውም፣ በክብደት ነው የሚሠራው። ፔንዱለሙ (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ዘንግ) አንድ ሜትር ይሆናል። አራት ኪሎ ሳሎናችን ሰቀልነው። ሙኒክ እያለ በሳምንት ግማሽ ደቂቃ አይስትም ነበር ትላለች። እዚህ በቀን 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል። ፒያሳ አንድ ሰዓት ሰሪ ጋ ወስጄው ዘይት ቀባና «አርጅቷል፣ የባትሪ ማሽን እንግጠምለት?» አለኝ። አክስቴ ልትደበድበው ምንም አልቀራት። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
2 ደቂቃ ብቻ? ገና የሐበሻ ቀጠሮ አልለመደም ማለት ነው።

መልስ 2፦
ልጄ፣ እዚያ ሰውዬ ጋ ሁለተኛ እንዳትሄጂ። ሰዓትሽ ጤነኛ ነው። 40 ዓመት ሰዓት ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ።

ጥፋቱ የአገሩ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ከፍታችንም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የመሬት ስበት እዚህ ከሙኒክ ትንሽ ያንሳል። ስበት ሲያንስ ፔንዱለም ዝግ ይላል። ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1672 ደቡብ አሜሪካ፣ ካየን ላይ ይኸው ነው የገጠመው፤ ለፓሪስ የተስተካከለ ፔንዱለም በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየበት።

መድኃኒቱ ዳዶ ነው። ከፔንዱለሙ ክብ ናስ ሥር ትንሽ ዳዶ አለች። ናሱ ከፍ እንዲል አዙሪያት፣ ፔንዱለሙ ያጥርና ሰዓቱ ይፈጥናል። በጠቅላላው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ስታዞሪ ግን ናሱን በሌላው እጅሽ ያዢው። ፔንዱለሙ የተንጠለጠለባት ስስ ብረት ከተጠመዘዘች አለቀልሽ።

ቤከር ጥሩ ሰዓት ነው። የእኔ ልብ ግን ሪፍለር የሚባለው ሰዓት ላይ ነው። እዚያው ሙኒክ ነበር የሚሠራው። ፔንዱለሙ ኢንቫር ነው፤ ሙቀት ቢመጣ ቢሄድ እምብዛም የማይረዝም የብረትና የኒኬል ቅይጥ። ጥሩው ሪፍለር በቀን የሚስተው የሰከንድ መቶኛ ቢሆን ነው! በዓለም ዙሪያ ብዙ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ በእሱ ነበር ሰዓት የሚይዘው። አክስትሽ እዚያ ከተማ 30 ዓመት ኖረው ቤከር ይዘው መጡ። ይሁን።

ጠያቂዋ፦
አባባ፣ እጅዎ ይባረክ! ሦስት ቀን ትንሽ ትንሽ አዞርኳት። ዛሬ የዘገየው 9 ሰከንድ ነው። ስለ ሪፍለሩ ለአክስቴ አነበብኩላት፤ «ዋጋውን ይጠይቅልኝ» ብላለች። አሁን ጠቡ ሌላ ነው። እሷ በፈረንጅ ሞልታዋለች፣ እናቴ ደግሞ ሰው ባላየበት ወደ እኛ ሰዓት ትመልሰዋለች።