ድሬ ላይ ለቲማቲም ጥቁር ላስቲክ ማልበስ ውሃ ይቆጥባል?

የመልካ ጀብዱው፦
ሰላም ጀማዓ። መልካ ጀብዱ አካባቢ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት አለኝ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት እያፈራረቅኩ ቀፊራ ገበያ አወርዳለሁ። ውሃዬ የጉድጓድ ነው፤ በናፍጣ ሞተር ስቤ በቦይ አጠጣለሁ። የናፍጣውን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ወረፋው ራሱ አንድ ሥራ ሆኗል። ጠዋት ያጠጣሁት መደብ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ነጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀኛል። አንድ ዘመዴ "አፈሩን ጥቁር ላስቲክ አልብሰው፣ ውሃህ በግማሽ ይቀንሳል" አለኝ። ለቤት መሠረት የሚነጠፈው ርካሽ ስለሆነ እሱን ግዛ ይላል። የሞከረ ሰው አለ? በዚህ ሙቀት ችግኙን አይቀቅለውም ወይ?

አቦ ሳቢያን፦
አቦ ላስቲኩን ተወውና ገረባ፣ የጫት ተራፊውን፣ አልብሰው! ከተማው ሙሉ ገረባ አይደል እንዴ። በነፃ ነው።

የመልካ ጀብዱው፦
ገረባውንማ ፍየሎቹ መቼ ይተዉልኛል። እሱን ሊበሉ ገብተው ቃሪያውንም ጨርሰው ነው የሚወጡት። የማሽላ አገዳም አስቤ ነበር። እሱ ግን የከብት መኖና ማገዶ ነው፤ የተረፈውን ደግሞ ምስጥ ይወርሰዋል።

የጠብታዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ የጠብታ መስኖ ቱቦ በመዘርጋት ነው የምኖረው። ከድሬ ዙሪያ እስከ ኤረር ላስቲክ የለበሰውንም ያልለበሰውንም ማሳ አያለሁ። ስለዚህ እንቅጩን ልንገርህ።

ላስቲክ ብቻውን ውሃ አይቆጥብልህም። ውሃ የሚቆጥበው ሞተሩን ቀድሞ የሚያጠፋ ሰው ነው። ላስቲኩ የሚሠራው ከአፈሩ ፊት የሚተነውን ማፈን ነው። ተክሉ በቅጠሉ የሚያወጣውን አያስቀርም፤ እንዲያውም የጋለው ላስቲክ ቅጠሉን ስለሚያሞቀው ትንሽ ይጨምረዋል። ፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው የሰብል ውሃ መመሪያ ላይ ነገሩ ተቀምጧል። ከአፈር የሚተነው ከ50 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል፣ በተክሉ በኩል የሚወጣው ግን ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ሁለቱ ሲካካሱ በጠቅላላው የሚተርፍህ በአማካይ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው። ታዲያ የዘመድህ "ግማሽ" ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከቦይ ወደ ጠብታ በመዛወር የሚተርፈው ውሃ ተደምሮበት ነው። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያስገባና ምስጋናውን በሙሉ ለላስቲኩ ይሰጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦ፣ ከላዩ ላስቲክ። በቦይ እያጠጣህ መደቡን ብታለብሰው አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ውሃው ወደ ጎን አይሄድልህም፣ ወደ ታች ይሰምጣል። የመደቡ መሃል ደርቆ ይቀራል። ዝናብም ቢሆን በተከልክበት ቀዳዳ ካልሆነ አይገባም። የበልግ ዝናብ እንዲጠቅምህ የመደቡን መሃል ትንሽ ጎድጎድ አድርገው፣ ውሃው ወደ ችግኙ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ እዚያ ጥቁሩ አፈሩን ስለሚያሞቅ ችግኝ ቶሎ ይነሳል። ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ሆነን ተጨማሪ ሙቀት ምን ያደርግልናል? ፊቱ ብርማ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነውን ፈልግ። ብርማው ፀሐይዋን ይመልሳል፣ ጥቁሩ አረሙን ያፍናል። ነጸብራቁ ነጭ ዝንብንና ክሽክሽን ስለሚያደናግር፣ የቲማቲም ቅጠል የሚያጠቀልለው ቫይረስም ይቀንስልሃል። ለእኔ ድሬ ላይ ይኼ ጥቅም ከውሃው አያንስም። ጥቁር ብቻ ካገኘህ ነጭ ቀለም በውሃ አቅጥነህ ቀባው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ግን አደራ እንዳትገዛ፤ ከሥሩ አረሙ ይፈነጫል።

ችግኙን የሚጎዳው ከቀዳዳው የሚወጣው ትኩስ አየርና ግንዱን የሚነካው የላስቲክ ጠርዝ ነው። ቀዳዳውን ሰፋ አድርገህ ቅደድ፣ ወደ ማታ ትከል፣ በግንዱ ዙሪያ አንድ እፍኝ አፈር አድርገህ ድፈነው።

ስንት ሰዓት ላጠጣ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ እጅህን ጠይቅ። ጠዋት ላስቲኩን ገለጥ ብታደርግ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ ታያለህ። ብዙ ሰው እሱን አይቶ አፈሩ ጠግቧል ይላል። አይምሰልህ። አንድ ስንዝር ቆፍረህ አፈሩን ጨብጥ። ተድቦልቡሎ መዳፍህን ካረጠበው ሞተሩን አታስነሳ። ከፈረሰ አጠጣ። ላስቲክ ለብሶ በድሮው ፕሮግራም የሚያጠጣ ሰው ትርፉ ሥር ማበስበስ ነው።

ደግሞ የድሬ ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቱቦውም ውስጥ ይጋገራል። ላስቲክ ከለበሰ የትኛው ቀዳዳ እንደተደፈነ አይታይህም፣ ተክሉ ሲጠወልግ ነው የምታውቀው። ፊልተር ይኑርህ። የቱቦዎቹንም ጫፍ እየከፈትክ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ እጠባቸው።

የመሠረት ላስቲኩን እርሳው። ፀሐይ እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። ይሰባበርና ንፋስ ይበትነዋል፣ ከዚያ እነዚያው የጠላሃቸው ፍየሎች ሆድ ውስጥ ይገባል።

የመልካ ጀብዱው፦
ወላሂ ተባረኪ! ታዲያ ለሁለት ጥማድ ስንት ይበቃል? ቀጭኑ ይረክሳል ይሉኛል።

የጠብታዋ፦
መደቦችህን ከመሃል እስከ መሃል አንድ ሜትር ተኩል ካራራቅካቸው ወደ 1,670 ሜትር ርዝመት ትፈልጋለህ። ስፋቱ 1.2 ሜትር ይሁን፤ ዳርና ዳሩ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ውፍረቱ 25 ማይክሮን ከሆነ (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በጠቅላላው 46 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ይኼ 46 ኪሎ ግን ሰብሉ ሲያልቅ ከመሬትህ መውጣት አለበት። ቀጭኑ የሚያስከፍልህ ያኔ ነው። ስትስበው በእጅህ ላይ ይበጣጠሳል፣ ቁራጩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ በየዓመቱ ሲጠራቀም ሥርም ውሃም አላሳልፍ ይላል። ቻይናዎች 8 ማይክሮን ሲያነጥፉ ኖረው ማሳቸው በቁራጭ ስለተሞላ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ደረጃ ዝቅተኛውን ወደ 10 ከፍ አድርገዋል። አንተ ከ25 አትውረድ። ለማውጫው የቀን ሠራተኛ ሂሳብም ከአሁኑ ያዝ። እንዳታቃጥለው፣ ጭሱ መርዝ ነው።

የባቢሌ ልጅ፦
ለውዝ ላይስ ይሆናል?

የጠብታዋ፦
ባለ 25ቱ አይሆንም። ለውዝ አበባው ከወደቀ በኋላ መርፌ የመሰለ ነገር ወደ አፈር ይሰድዳል፣ ፍሬው የሚይዘው እዚያ ነው። ወፍራም ላስቲክ ያግደዋል። አንተ የለውዝ ቅርፊቱን ለእነሱ ቲማቲም ሽጥላቸው፣ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው፤ ፍየልም ብዙ አያሳድደውም።

የመልካ ጀብዱው፦
ሽንኩርቱንስ?

የጠብታዋ፦
ሽንኩርት በአሥር አሥር ሳንቲሜትር ነው የሚተከለው። ያን ያህል ከተበሳ ምን ላስቲክ ቀረ? እሱን ተወው። በቲማቲሙ ጀምር፣ እሱም ሙሉውን ሳይሆን በጥቂት መደብ።

ስትገዛ ደግሞ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመን። 400 ሜትር በ1.2 የሆነ ባለ 25 ማይክሮን ጥቅል ያለ ካርቶኑ 11 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ሚዛን ላይ አውጣው። ሰባት ወይም ስምንት ካለህ ለሻጩ መልስለት።