ተከራዬ ፊልም ሲያወርድ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ?

የጠባሴዋ (ጠያቂ)
ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ አራት ተማሪዎች ተከራይተዋል። ዋይፋዩ በእኔ ስም ነው፤ አብረን እንጠቀማለን። ማታ ማታ ግን ኢንተርኔቱ ይሞታል። ለካ አንደኛው ልጅ በቶረንት ፊልም ያወርዳል! ፈረንሳይ ላለው ልጄ ስነግረው ደነገጠ። እሱ ጋ ደባሉ ላወረደው ፊልም ማስጠንቀቂያ የመጣው በልጄ ስም ነው። እኔንስ መስመሬን ይቆርጡብኛል? እንዴትስ ያውቃሉ?

ገመድ ዘርጊው
እትዬ፣ ቶረንት ማውረድ ብቻ አይደለም። ልጁ እያወረደ፣ የደረሰውን ቁራጭ ለሌሎች ይልካል። መስመሩን የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ይሄ መላኩ ነው። በልውውጡ ውስጥ ያለ ሁሉ የሌላውን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) ያያል። ባለመብቶች የቀጠሯቸው ሰዎችም እዚያው ገብተው አድራሻና ሰዓት ይመዘግባሉ። ከዚያ ኢንተርኔት አቅራቢው "ያኔ ይህ አድራሻ የማን ነበር?" ተብሎ ይጠየቃል። የግቢው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ ከውጭ ሲታይ አንድ አድራሻ ነው። ስለዚህ የሚወጣው የባለመስመሩ ስም ነው።

ፓሪስ ነኝ
ልጅዎ አይደንግጥ፤ ኢሜይሉን ግን ችላ አይበል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ኢሜይል፣ ቀጥሎ የአደራ ደብዳቤ፣ ከዚያ ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ ሊተላለፍ ይችላል። መስመር መቁረጡ በ2013 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ቅጣቱ እስከ 1,500 ዩሮ ነው። ክሱ "መስመርህን አልጠበቅህም" ስለሆነ "ደባሌ ነው" ብሎ ማምለጥ ይከብዳል። አሁኑኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይር። ጀርመን ቢሆን የሚመጣው የጠበቃ ደብዳቤ ነው፣ ከነሒሳቡ!

የአንኮበሩ
እኛም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለን። ባለመብቱ መክሰስ ይችላል። እንደ ፈረንሳይ ያለ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ግን አዋጁ ውስጥ የለም። አሁን ያስቸገረዎት የማታው ነገር ነው። ሮውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ይጻፉና ይግቡ። የሚፈቅድ ከሆነ ለተማሪዎቹ የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ ፍጥነቱን፣ በተለይ የመላኪያውን፣ ይገድቡ። ቶረንትን ጨርሶ ለመዝጋት ግን አይድከሙ። ተማሪ መላ አያጣም።

የጠባሴዋ
ተባረኩ። ለልጄ ደውያለሁ። ተከራዬንም ቡና ጠርቼ አነጋገርኩት። "እሺ እትዬ፣ አንድ ክፍል ብቻ ቀርቶኛል፣ እሱን ልጨርስ" አለኝ።